በደገሃቡር የወደቀው አውሮፕላን፦ የሁለት የበረራ ባልደረቦች ሞት፣ የምርኮኛ ሕግና የበቀል ሰበብ

ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1935) ሁለት ሰዎችን የያዘ የኢጣሊያ የጦር አውሮፕላን በኦጋዴን ሜዳ፣ ከደገሃቡር ከተማ አቅራቢያ፣ በኢትዮጵያ ጦር ይዞታ ውስጥ ለመውረድ ተገደደ። አብራሪው የ26 ዓመቱ ምክትል መቶ አለቃ ቲቶ ሚኒቲ፣ ባልደረባው ሳጅን ሊቪዮ ዛኖኒ ነበሩ። ሁለቱም ወደ ወገናቸው አልተመለሱም። በአራተኛው ቀን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከዚያ ስፍራ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በመልካ ዲዳ ሠፍሮ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡ። ለድብደባውም የአብራሪውን ሞት ምክንያት አደረጉ።

በጠላት ምድር የወደቀ የበረራ ባልደረባ ዕጣ ከጥንት ጀምሮ አከራካሪ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ከላይ ሆኖ ሞትን ሲያወርድ የነበረ ሰው፣ አሁን ብቻውንና መከላከያ አጥቶ በደበደባቸው ሰዎች መካከል ይቆማል። ሕግ ምን ይለዋል? ምድር ላይ ያሉት ሰዎችስ ምን ያደርጉታል? ሞቱንስ ማን ይጠቀምበታል? በኢትዮጵያ ታሪክ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡ ሁነቶች ጥቂት አይደሉም። የሚኒቲና የዛኖኒ ታሪክ ግን ከሁሉም በላይ ግልጽ ትምህርት አለው።

የጦርነቱ ሰማይ

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ድንበር ጥሶ ሲገባ ሰማዩ ከሞላ ጎደል የአንድ ወገን ነበር። ኢጣሊያ በሰሜንና በደቡብ ግንባሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖችን አሰልፋለች። ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩና ለውጊያ የማይበቁ ሲሆኑ፣ መልእክት ከማድረስና ሰው ከማጓጓዝ ያለፈ ሥራ አልነበራቸውም። ከአፍሪካዊ አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን፣ ከሚሽካ ባቢቼፍና ከአስፋው ዓሊ ጋር ያገለገሉት ጥቂት አብራሪዎች በእነዚህ አውሮፕላኖች የሠሩት ሥራ በራሱ ጀብዱ ነው።

ይህም ቢሆን ኢጣሊያውያኑ ከምድር የሚተኮስባቸውን ጥይት ፈጽሞ ሊንቁት አልቻሉም። በጊዜው የነበሩት የቅኝት አውሮፕላኖች በዝግታና በዝቅታ የሚበሩ ስለ ነበሩ፣ በአንድ ሞተር የሚነዳን አውሮፕላን አንዲት የጠመንጃ ጥይት ነዳጁን አፍስሳ ወይም ሞተሩን መትታ ልታወርደው ትችል ነበር። በጎራሄ ምሽግ ግራዝማች፣ በኋላም ደጃዝማች ተብለው የሚታወሱት አፈወርቅ ወልደ ሰማያት፣ ኦርሊኮን በተባለው የስዊስ ፀረ አውሮፕላን መድፍ ራሳቸው ሲተኩሱ ቆስለው፣ ሕክምና ፍለጋ ምሽጋቸውን አልለቅም ብለው በጥቅምት ወር መጨረሻ ገደማ ሞቱ። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በተደበደበች ጊዜም ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ወጥቷል። በዚያ ቀን ከተመቱት ስፍራዎች አንዱ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ነበር።

በኦጋዴን ግንባር የኢትዮጵያን ጦር ይመሩ የነበሩት ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ሲሆኑ፣ ከፊታቸው የተሰለፈው የጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ጦር ነው። ጎራሄ ከተያዘ በኋላ ደገሃቡር የፊት መሥመር ሆነች፤ በተደጋጋሚም ከሰማይ ተደበደበች። ሚኒቲና ዛኖኒ የወረዱት እንዲህ ባለው ምድር ላይ ነበር።

የሚኒቲና የዛኖኒ መጨረሻ

ሁለቱ ሰዎች መሞታቸው አያከራክርም። የሚያከራክረው አሟሟታቸው ነው። ኢጣሊያ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው አቤቱታ፣ አብራሪው በሕይወት ሳለ ከተማረከ በኋላ ተሠቃይቶ እንደ ተገደለና አንገቱ እንደ ተቆረጠ ገልጻለች። ለዚህ ካቀረበቻቸው ማስረጃዎች አንዱ በአካባቢው ነበርኩ ያለ የአንድ ግብጻዊ ቃል ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ከወረዱ በኋላ ከበባውን ለመስበር እየተዋጉ እንደ ሞቱ የሚተርክ አነጋገር አለ።

በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለው ልዩነት በሕግ ፊት ቀላል አይደለም። መሣሪያውን ይዞ እየተኮሰ የሞተ ወታደር በውጊያ ላይ እንደ ሞተ ይቆጠራል። መሣሪያውን ጥሎ እጁን ከሰጠ በኋላ የተገደለ ግን የግፍ ሞት የሞተ ነው፤ ይህንንም በ1907 እ.ኤ.አ. የወጣው የሄግ የጦርነት ደንብ በግልጽ ከልክሏል። እጁን ሰጥቶ ከሆነ፣ ገዳዮቹ ምንም ያህል ቢደበደቡና ቢበደሉ፣ ድርጊቱ ወንጀል መሆኑ አይቀርም። ይህን ሳይሸሽጉ መናገር ለቀጣዩ ነጥብ መሠረት ነው።

መልካ ዲዳ

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም ጠዋት፣ በገናሌ ወንዝ አካባቢ፣ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በስተኋላ የሠፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ተደበደበ። ድንኳኖቹ የቀይ መስቀልን ምልክት ይዘው ነበር። የጓዱ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰሉ። ስዊድናዊው የሕክምና ረዳት ጉናር ሉንድስትሮም በደረሰበት ቁስል ሞተ። በአልጋቸው ላይ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕሙማንም አለቁ።

ከቦምቡ ጋር ወረቀት ተበተነ። በግራዚያኒ ስም የወጣው ይህ ወረቀት፣ ኢትዮጵያውያን የተማረከ አብራሪ አንገት በመቁረጥ የአገሮችን ሕግ እንደ ጣሱ፣ ምርኮኛም ሊከበር እንደሚገባው፣ ስለዚህ የሚገባቸውን ቅጣት እንደሚቀበሉ የሚያስታውቅ ነበር። የምርኮኛን ክብር የሚያስተምረው ጽሑፍ የወረደው በሕሙማን ድንኳን ላይ ነው። ከተቀጡት ሰዎች መካከል ደገሃቡርን በዓይኑ ያየ ስለ መኖሩ የቀረበ ክስ እንኳ አልነበረም። ሐኪሙም፣ ረዳቱም፣ ሕሙማኑም ሌላ ግንባር ላይ የነበሩ ናቸው።

የመልካ ዲዳ ድብደባ በስዊድን ከባድ ቁጣ አስነሣ። ኢጣሊያ በሕክምና ጓዶች ላይ የምታደርሰው ጥቃት ግን በዚያ አላበቃም። በሰሜን ግንባር ዶክተር ጆን ሜሊ ይመሩት የነበረው የብሪታንያ የሕክምና ጓድ በየካቲት ወር መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1936) በቆረም አካባቢ ተደብድቧል። ከዐረቡ ዓለም በልዑል ኢስማኢል ዳውድ መሪነት ወደ ኦጋዴን ግንባር የዘመተው የግብጽ የሕክምና ጓድም ሥራውን ያከናወነው በዚሁ የአየር ሥጋት ውስጥ ነበር።

ቀኖቹ ምን ይላሉ?

የበቀልን ክርክር ለመመርመር ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ቀኖቹን በተራቸው መደርደር ነው።

ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1935)፦ ሙሶሊኒ በቴሌግራም ለግራዚያኒ የመርዝ ጋዝ እንዲጠቀም ፈቀደለት። ይህ አብራሪው ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት ነው።

ኅዳር 26 ቀን (ዲሴምበር 6)፦ በደሴ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል በቦምብ ተመታ። ይህ ከአብራሪው ሞት 20 ቀን ይቀድማል።

ታኅሣሥ 13 ቀን (ዲሴምበር 23)፦ በተከዜ የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊት ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ወረደ። ራስ እምሩ በኋላ እንደ መሰከሩት፣ ከአውሮፕላን የወደቁት በርሜሎች በተሰበሩ ጊዜ የፈሰሰው ፈሳሽ የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው በቁስል ተሸፈነ። ይህም ከአብራሪው ሞት 3 ቀን ይቀድማል።

ታኅሣሥ 16 ቀን (ዲሴምበር 26)፦ ሚኒቲና ዛኖኒ በደገሃቡር አቅራቢያ ወረዱ።

ታኅሣሥ 20 ቀን (ዲሴምበር 30)፦ መልካ ዲዳ ተደበደበች።

የቀኖቹ ቅደም ተከተል ነገሩን ይቋጨዋል። ጋዙም፣ የሆስፒታል ድብደባውም የተጀመሩት «ወንጀሉ» ከመፈጸሙ በፊት ነው። የአብራሪው ሞት ለቀጠለው ሥራ ሰበብ ሆኖ አገለገለ እንጂ ሥራውን አልወለደውም። ሁለቱም አገሮች የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት ተቀብለው ነበር። ኢጣሊያ ይህን ድርጊቷን ለስድስት ዐሥርት ዓመታት ስትክድ ከቆየች በኋላ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የመከላከያ ሚኒስቴሯ ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ አምኗል።

ሚኒቲ በአገሩ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ፤ የሬጆ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ተሰየመ። በመልካ ዲዳ ድንኳን ውስጥ ያለቁት ሕሙማን ግን አብዛኞቹ ስማቸው እንኳ በታሪክ አልተጻፈም። ከአንድ የሞት ታሪክ ውስጥ ማን በስሙ እንደሚጠራ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ብዕሩንና ማተሚያውን የያዘው ወገን ነው።

ቦናያ፦ ከሰማይ የወረዱት መልእክተኞች

ሁለተኛው ሁነት ከስድስት ወር በኋላ በወለጋ የተፈጸመ ነው። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ተይዛለች፤ ምዕራቡ ግን ገና ለወራሪው አልገበረም። ሰኔ 19 ቀን ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከነቀምት አጠገብ ቦናያ በተባለ ሜዳ ላይ አረፉ። ዓላማቸው በአካባቢው ገዥ በደጃዝማች ሀብተ ማርያም በኩል ወለጋን ያለ ውጊያ መረከብ ነበር። በአውሮፕላኖቹ ውስጥ ከነበሩት መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንሶ ማሊዮኮ፣ ኮሎኔል ማሪዮ ካልዴሪኒ፣ ስመ ጥሩ አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊና የሚሲዮኑ ቄስ አባ ማሪዮ ቦሬሎ ይገኙ ነበር።

ሎካቴሊ በ1918 እ.ኤ.አ. ወረቀት ለመበተን በቪየና ሰማይ ላይ ከበረሩት ኢጣሊያውያን አንዱ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ደግሞ አትላንቲክን ለመሻገር ሲሞክር በግሪንላንድ አቅራቢያ ባሕር ላይ ወርዶ፣ በአሜሪካ የጦር መርከብ ከሞት ተርፎ ነበር። በቦናያ ግን የሚደርስለት አልነበረም።

በዚያ ሌሊት፣ ለሰኔ 20 አጥቢያ፣ ከሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና የጥቁር አንበሳ አርበኞች የኢጣሊያውያኑን ሠፈር ከብበው ተኩስ ከፈቱ። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ። ማሊዮኮ፣ ካልዴሪኒና ሎካቴሊን ጨምሮ አብረዋቸው የነበሩት ተገደሉ። አባ ቦሬሎ በሕይወት ተረፉ። ከዚያ በኋላ ኢጣሊያ ነቀምትን በአውሮፕላን ደበደበች። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በሕዝባቸው ላይ ስለ ወረደው መርዝ ለዓለም ተናገሩ።

ቦናያ ከደገሃቡር በአንድ ነገር ይለያል። በቦናያ የሞቱት እጃቸውን የሰጡ ምርኮኞች አልነበሩም። አገር ለመረከብ የመጡ የወራሪ ጦር መኮንኖች ነበሩ፤ ያጠቋቸውም የተደራጁ ወታደሮች ናቸው። ኢጣሊያውያን «እልቂት» ይሉታል፤ ለአርበኞቹ ግን በጠላት ሠፈር ላይ የተፈጸመ የሌሊት ጥቃት ነው።

የጥቁር አንበሳ ሕግና የግራዚያኒ ሕግ

በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ይመራ የነበረው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ዐሥር አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ ነበረው። ደንቡ የጦሩን ሥራ ከፖለቲካው አመራር በታች ያደርጋል፤ ባላገሩን መበደል ይከለክላል፤ የተማረከ ጠላት እንዳይሠቃይና እንዳይገደልም ያዝዛል። ለራሳቸው ለአባላቱ ያወጣው ሕግ ግን እጅግ የጠነከረ ነው፤ አባል በጠላት እጅ ከመውደቅ ሞትን እንዲመርጥ ይጠይቃል።

ሰማይም፣ ጋዝም፣ ዓለም አቀፍ ድጋፍም የሌላቸው፣ በጫካ ያሉ ሰዎች ለጠላት ምርኮኛ ሕግ መጻፋቸው ቀላል ነገር አይደለም። ጠላታቸው ሕጉን ስለሚያከብርላቸው አልጻፉትም። እንደማያከብርላቸው እያወቁ ነው የጻፉት።

ቀጥሎ የሆነው የጠላታቸውን ሕግ ያሳያል። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና አስፋ ወሰን በፍቼ በእምነት እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ተገደሉ። በዚያው ወር ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ለመማረክ ተገደዱ፤ እርሳቸው በሕይወት ወደ ኢጣሊያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ በኋላ፣ በወለጋ የተዋጉት የሆለታ ወጣት መኮንኖች፣ እነ ሻምበል በላይ ኃይለአብና ክፍሌ ነሲቡ ጭምር፣ በጠላት እጅ ሳሉ ተረሸኑ። የካቲት 17 ቀን ደግሞ ራስ ደስታ ዳምጠው በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተረሸኑ። ራስ ደስታ ከ14 ወራት በፊት «ምርኮኛ ሊከበር ይገባል» የሚለው የግራዚያኒ ወረቀት በግንባራቸው የተበተነባቸው የጦር መሪ ናቸው።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ

ከ1928ቱ ጦርነት በፊት፣ በ1923 እ.ኤ.አ. በሄግ የተዘጋጀ የአየር ውጊያ ረቂቅ ደንብ፣ ከተመታ አውሮፕላን በጃንጥላ የሚወርድ ሰው እንዳይተኮስበት ይል ነበር። ረቂቁ ግን ሕግ ሆኖ አልጸናም። የ1929 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት በምርኮኞች ላይ በቀል መፈጸምን ከለከለ፤ የ1949 እ.ኤ.አ. ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ጥበቃውን አሰፋው። በመጨረሻም በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ42ኛው አንቀጹ ጉዳዩን በግልጽ ደነገገ። በአንቀጹ መሠረት፦

ችግር ከደረሰበት አውሮፕላን በጃንጥላ የሚወርድ ሰው በአየር ላይ ሳለ ሊጠቃ አይገባም።

በጠላት ምድር ላይ ካረፈም፣ የጠላትነት ድርጊት መፈጸሙ በግልጽ ካልታየ በቀር፣ ከመጠቃቱ በፊት እጁን የሚሰጥበት ዕድል ሊሰጠው ይገባል።

ለውጊያ ከአውሮፕላን የሚወርዱ የአየር ወለድ ወታደሮች በዚህ ጥበቃ አይካተቱም።

ኢትዮጵያ የጄኔቫ ስምምነቶችን በ1969፣ ተጨማሪ ፕሮቶኮሉን በ1994 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችም ስምምነቶቹን ኅብረቱ በተመሠረተ ማግሥት በ1972፣ ፕሮቶኮሉን በ1983 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። ስለዚህ ዛሬ በአቡ ዳቢና በአል ዐይን የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ የትውልድ አገሩም የሚኖርባት አገርም የተስማሙበት አንድ ሕግ አለው።

ሕግ መኖሩ ግን ብቻውን አይበቃም። በ1977 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት የኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪው ለገሰ ተፈራ ተመትተው በጠላት ይዞታ ወረዱ፤ ተማረኩም። ከሚኒቲ በተቃራኒ በሕይወት ቆዩ። ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ውጊያው እንዳበቃ ምርኮኞች ሳይዘገዩ እንዲለቀቁ ያዝዛል፤ ሁለቱም አገሮች ስምምነቱን ተቀብለው ነበር። ዋናው ውጊያ በ1978 እ.ኤ.አ. አበቃ። ለገሰ ግን ወደ አገራቸው የተመለሱት ሁለቱ መንግሥታት በ1988 እ.ኤ.አ. ከተስማሙ በኋላ፣ በ11ኛው ዓመት ነው። በኋላም የኢትዮጵያ ጀግና ሜዳይ ተሸልመዋል።

ምርኮኛ፣ እስረኛ፣ አሲር

በዐረብኛ የጦር ምርኮኛ «አሲር» ይባላል። ቃሉ ከአማርኛው «እስረኛ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም «አሰረ» ከሚለው ጥንታዊ የሴማውያን ግሥ የወጡ ናቸው። አማርኛ ግን ለጦር ሜዳው የተለየ ቃል አበጅቷል፤ «ምርኮኛ» ይላል። እስረኛ በጥፋቱ ሊታሰር ይችላል። ምርኮኛ የሚያዘው ግን ወታደር ስለ ሆነ እንጂ ወንጀለኛ ስለ ሆነ አይደለም። ሕጉም የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። መማረክ ቅጣት አይደለም፤ ሰውየው ወደ ውጊያው እንዳይመለስ ብቻ የሚደረግ ጥበቃ ነው። ወንጀል ሠርቷል የሚባል ምርኮኛ ቢኖር እንኳ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ይታያል፤ ፍርዱም ለእርሱ ብቻ ነው፤ ለወገኑ፣ ለሐኪሙ ወይም ለከተማው አይተርፍም።

በደገሃቡርና በመልካ ዲዳ መካከል በነበሩት አራት ቀናት የተጣሰው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። ሚኒቲና ዛኖኒ እጃቸውን ሰጥተው ተገድለው ከሆነ፣ ተጠያቂዎቹ በደገሃቡር የገደሏቸው ሰዎች ነበሩ። መልሱ የተሰጠው ግን በገናሌ ዳር በአልጋ ላይ ለተኙ ሕሙማን ነው። የምርኮኛ ሕግ ለወደቀው አብራሪ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ከእርሱ መውደቅ በኋላ በስሙ ለሚደበደቡትም ጭምር የተጻፈ ነው።